በድብቅ ለምትቅሙና ለምትጠጡ አማኞች

እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ዘምራችሁ፣ ሰኞ ከሰዓት ተደብቃችሁ የምትቅሙ ወይም የምትጠጡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም ለዓመታት የኖርኩት እንደዚያ ነው። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለሚስቶቻችሁ፣ ለእናቶቻችሁና ለሚጸልዩላችሁ ሰዎችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ያደግኩት ሐዋሳ ነው፣ በወንጌል አማኝ ቤተሰብ ውስጥ። በቤታችን ቢራ ገብቶ አያውቅም። ለኦርቶዶክስ ጓደኞቼ ጠላም ጠጅም በበዓል ያለ ነገር ነው። ችግር የሚሆነው ከልክ ሲያልፍ ነው። እኛ ጋ ግን አንድ ብርጭቆም እንደ መውደቅ ይቆጠራል። ይህ ብዙዎችን ጠብቋል፣ አልክድም። አንዴ ለጀመረ ሰው ግን ከባድ ነው። ገና ከመጀመሪያው ቀን መደበቅ ይጀምራላ።

ሥራዬ ግንባታ ነው። ፎርማን ሆኜ በከተማው ብዙ ሳይቶች ላይ ሠርቻለሁ። ጫት የጀመርኩት እዚያ ነው። ሐዋሳ ላይ ጫት ፍለጋ ሩቅ አይኬድም፤ ወንዶ ገነት አፍንጫችን ሥር ነው። በኮባ ተጠቅልሎ ትኩሱን ይገባል። ትኩስ መሆኑ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለ። ቅጠሉ እየጠወለገ ሲሄድ የካቲኖኑም ኃይል እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ቃሚ ለሳምንት አያስቀምጥም፣ በየቀኑ ይገዛል። በድብቅ ለሚቅም ሰው በየቀኑ መግዛት ማለት በየቀኑ መዋሸት ማለት ነው።

ከምሳ በኋላ እቀመጣለሁ። ሥራው ይቀልልኛል፣ ሐሳቡ ይጎርፋል፣ ሁሉንም ነገር ነገ የምጨርስ ይመስለኛል። ማታ ላይ ግን ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳኛል። እሱን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል። መጀመሪያ ድራፍት ነበር። በኋላ ድራፍቱ አልበቃ ሲል አረቄ ሆነ። ጠዋት ስነሳ ሰውነቴ ዝሏል፣ ሀራራው ይመጣል፣ እንደገና ጫት። ሁለቱ እንዲህ እየተቀባበሉ ነው የሚይዙት። «ጫቱን ልተው እንጂ መጠጡ አያስቸግረኝም» የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ። እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። ሰውነቴ የመሰከረው ግን ሌላ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ጸሎት አላቆምኩም ነበር። ይህን ማወቅ አለባችሁ፣ ምክንያቱም «የሚጸልይ ሰው እንዴት ሱሰኛ ይሆናል?» የሚሉ አሉ። እየጸለይኩ ነው ሱሰኛ የሆንኩት። እያለቀስኩ ጌታን ለምኛለሁ። ጥሪ በተደረገ ቁጥር ወደ ፊት ወጥቻለሁ። ጳውሎስ በሮሜ 7 «የምወደውን በጎውን አላደርግም፣ የማልወደውን ክፉውን አደርጋለሁ» እያለ የሚያዝንበትን ቦታ ሳነብ የራሴን ታሪክ የማነብ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ጾም ጸሎት ተያዘልኝ። የጸለዩልኝ ሰዎች ከልባቸው ነው የጸለዩት፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አደርኩ። እህል የለም፣ መጠጥም የለም። በሁለተኛው ቀን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንበሩን ጨብጬ ብይዝም አልቆም አለ። ላብ በላብ ሆንኩ፣ ልቤ ይደልቃል። ዙሪያዬን የቆሙት «እየለቀቀው ነው!» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እኔም አመንኳቸው።

መዘምራን ውስጥ የምታገለግል አንዲት ነርስ ነበረች። ቀስ ብላ ወደ ጎን ወሰደችኝና «ወንድሜ፣ መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው?» አለችኝ። «ትጠጣለህ ወይ?» አላለችም። መቼ ነው ያለችኝ። እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኳት። በየቀኑ እንደሆነም ነገርኳት። ግንባሬን ዳሰሰች፣ የልብ ምቴን ቆጠረች። ከዚያ «በል ተነስ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን። ጸሎቱን ባጃጅ ውስጥ እንቀጥላለን» አለች። እውነትም መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ ስትጸልይ ነበር።

እዚያ የነገሩኝን ብዙ አማኝ ስለማያውቀው ጊዜ ወስጄ ልጻፈው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። ሰው በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ አንጎሉ ያንን ለመቋቋም ራሱን ከልክ በላይ ያነቃል። መጠጡ ድንገት ሲቋረጥ ያ መነቃቃት ብቻውን ይቀራል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልብ ምቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። አንዳንድ ሰው ላይ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ይመጣል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ሰው መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ያለበትን ቦታ መርሳት ይጀምራል። ይህ ሳይታከም ሲቀር ይገድላል። ጠጪ ሲጠጣ ብቻ ሳይሆን በድንገት ሲያቆምም ሊሞት ይችላል ማለት ነው። በዚህ ላይ የለመደ ጠጪ አብዛኛውን ጊዜ ቫይታሚን ቢ1 ያንሰዋል። ምግብም ውሃም ሲከለከል ይብስበታል።

ስለዚህ በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ጾም ጸሎት ከመያዛችሁ በፊት ሐኪም ይየው። ለዚህ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ለጥቂት ቀናት እየተቀነሰ ይወሰዳል። ያው መድኃኒት ራሱ ሱስ ሊያስይዝ ስለሚችል ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡት። ጫት ከመጠጥ በዚህ ይለያል። ጫት ማቆም ያደክማል፣ ያስተኛል፣ ያስከፋል፣ ያነጫንጫል። እንደ አልኮል ግን እንደዚያ ባለ መንፈራገጥ አይጥልም።

«ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት አይሆንም ወይ?» የሚለኝ ሰው አላጣም። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ኦርቶዶክስ ወንድም ጥሩ ነገር አስታወሰኝ። በ1999 ዓ.ም. ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። «አባታችን እንደዚያ ካሉ የእናንተስ ፓስተር ምን ይላል?» አለኝ። የእኛም ፓስተር እንደዚያው አለ። ሉቃስ ሐኪም እንደነበር አስታውሶ አንድ እሁድ ስለዚሁ ሰበከ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከሆስፒታል ስወጣ ሰውነቴ ጸድቷል። ነገር ግን ሐዋሳ ያው ሐዋሳ ናት። የማልፍበት መንገድ ያው ነው፣ ጓደኞቼም ያው ናቸው። ከ8 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ገደል ሆነብኝ።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቤት መጡ። ስብከት እጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ቡናቸውን ጠጥተው «ልጄ፣ በቀን ውስጥ የሚከብድህ ሰዓት የትኛው ነው?» አሉኝ። «8 ሰዓት» አልኳቸው። ከማግስቱ ጀምሮ በ8 ሰዓት ስልኬ ይጮሃል። «እንዴት ነህ? የት ነህ? ምሳ በላህ?» ይላሉ። አንድ ጥቅስ ያነቡልኛል፣ አጭር ጸሎት ይጸልዩና ይዘጋሉ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሀራራው በመጣበት ሰዓት ስልኩም አብሮ ይመጣል። ከሰማኋቸው ትልልቅ ስብከቶች ሁሉ ያ ስልክ ነው ያቆመኝ።

አንድ ቀን ዱቤ እንዳለብኝ ነገርኳቸው። ጫት የምወስድባት ሴትዮ ጋ ገንዘብ ቀርቶብኝ ነበር፣ በዚያም የተነሳ መንገድ እየቀየርኩ ነበር የምሄደው። «እንሂድና እንክፈል» አሉ። ብቻዬን አልላኩኝም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዱቤ ለመክፈል ብቻውን የሄደ ሰው ቅሞ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። አብረን ሄድን። ሴትዮዋ ብሩን ቆጥራ መቀነቷ ውስጥ ከተተች። ከዚያ እንደ ልማዷ ከጣውላው ላይ አንድ እፍኝ ለምርቃት ዘረጋችልኝ። እጄ ሳላዘው ተዘረጋ። ሽማግሌው በእርጋታ ተቀብለዋት መልሰው ጣውላው ላይ አስቀመጡት። «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ልጁ ከአሁን በኋላ አይቅምም» አሏት። እሷም አየችኝና «እንግዲህ ያጽናህ» አለችኝ። ከልቧ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ቀና ብዬ ነው የማልፈው።

በአላዛር ታሪክ፣ በዮሐንስ 11 መጨረሻ፣ ጌታ ሙቱን ራሱ ነው የጠራው። አላዛር ሲወጣ ግን እጅና እግሩ በመግነዝ እንደተገነዘ ነበር። «ፍቱትና ይሂድ ተዉት» ያለው ለሰዎቹ ነው። ጌታ ያንን መግነዝ በቃሉ መፍታት አቅቶት አይደለም። ለአጠገቡ ለቆሙት ነው የተወው። እኔ የእነዚያን ሰዎች እጅ አይቻለሁ። የነርሷ፣ የሽማግሌው፣ የባለቤቴ።

በኋላ ላይ ያነበብኩት ታሪክም ይህንኑ አጠናከረልኝ። በ1935 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ቢል ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ለሥራ ወደ አክረን ከተማ ሄዶ ሥራው ተበላሸበት። ሆቴሉ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ከመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጨዋታ ይሰማል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አገኘና ለአንድ ካህን ደወለ። የጠየቀው የሚያነጋግረው ሌላ ሰካራም እንዲያገኝለት ነው። በሰው በሰው ቦብ ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋ ተገናኙ። እሱም ከመጠጥ መላቀቅ ያቃተው ሰው ነበር። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው በዓለም ዙሪያ ያለ ኅብረት ከሁለቱ ወሬ ነው የተወለደው። የያዕቆብ መልእክት በ5፥16 «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» የሚለው ይህንኑ ነው። መናዘዙ እርስ በርስ ነው፤ መፈወሱም እዚያው ጥቅስ ውስጥ ነው የተጻፈው።

ስለ ጫቱ መቋረጥ ደግሞ ዱካክ የሚባለውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊት የሚያስፈራ ሕልም ይመጣል፣ የሚያንቅ ነገር፣ የሚያባርር ነገር። አማኝ ቤት ውስጥ ይህ ሲሆን ሁሉም ሰው ወደ አጋንንት ይሮጣል። እኔም ፈርቼ ነበር። ባለቤቴ ሌሊት ተነስታ መብራት ታበራለች፣ ውሃ ትሰጠኛለች፣ መዝሙር 91ን ታነብልኛለች፣ መልሳ ታስተኛኛለች። እየዋለ እያደረ ጠፋ። ጫት ያቆመ ሰውነት ላይ የሚታይ የታወቀ ነገር ነው። ጸልዩ፣ ግን አትደንግጡ። የተኛውንም አትቀስቅሱት። ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 ሞቱን ሲመኝ መልአኩ መጀመሪያ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ በላ፣ ተኛ፣ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ንግግሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ያቆመ ሰው ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትኩስ ምግብና እንቅልፍ ነው።

ሌሎቹን ነገሮች ባጭሩ። ደሞዜ በቀጥታ ለባለቤቴ በቴሌብር ይገባል፤ እኔ የምይዘው የባጃጅና የምሳ ነው። ይህን ያዘዘኝ የለም፣ ራሴ ነኝ የለመንኳት። አብረውኝ የሚቅሙትን ልጆች ስልክ ቁጥር አጠፋሁ። አልጠላኋቸውም፣ በሠርግና በለቅሶ እንገናኛለን። ፍቅር ሐይቅ ዳር ከሰዓት መቀመጥ ተውኩ፣ ምክንያቱም ዛፉ ሥር ማን እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ሐይቁን ካማረኝ ጠዋት አሞራ ገደል ሄጄ ዓሣ ሾርባ ጠጥቼ እመለሳለሁ። በቴሌቪዥን ኳስ ማየትም ቀለለኝ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል። ያ ማስታወቂያ ባይጠፋ ኖሮ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጬ ስፈተን ነበር። አዋጁን ላወጡት ሰዎች ጸልያለሁ።

አንድ ጊዜ ለሥራ ዲላ ሄጄ ወደቅኩ። ታሪኩን ማርዘም አያስፈልግም፤ ሆቴል፣ ብቸኝነት፣ ምሽት። የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ ስላለው ሰዓት ነው። ሰይጣን የሚያሸንፈው በብርጭቆው ብቻ አይደለም። በማግስቱ «አሁንማ ምን ይዤ ፊታቸው እቆማለሁ?» በሚለው ሐሳብ ነው። ሰው የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ኅብረት መምጣት ያቆማል፣ ስልክ አያነሳም፣ ከዚያ ወራት ይነጉዳሉ። እኔ በዚያው ሌሊት ለሽማግሌው ደወልኩ። «ነገ 8 ሰዓት እደውላለሁ» አሉኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ደወሉም። ወድቃችሁ ከሆነ ዛሬ ደውሉ። እስክትጠነክሩ አትጠብቁ።

ለአብያተ ክርስቲያናት አንድ ልመና አለኝ። ያቆመ ሰው መድረክ ላይ ቶሎ አታውጡት። ምስክርነት ይወደዳል፣ እልልታው ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ግን በጠዋቱ የመሰከረ ሰው ማታ ሲፈተን ለማን ይናገራል? ጉባኤው ሁሉ «ነጻ ወጣ» ብሎ አጨብጭቦለታል። ወደ መደበቂያው የምትመልሱት እናንተ ናችሁ። በአንድ ቀን ጸሎት የተፈቱ፣ ሀራራ እንኳን ያልነካቸው ሰዎች አሉ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጌታ ይክበርበት። በየቀኑ የሚፈታው ሰው ግን ከእነሱ ያነሰ እምነት የለውም። እሱንም የሚፈታው ያው ጌታ ነው።

ሚስቶችና እናቶች፣ ሲጠጣ አትምከሩት፣ አይሰማም። ጠዋት፣ ራሱ ሲከፋው፣ ያኔ ተናገሩ። ባለቤቴ ለአለቃዬ «አሞታል» ብላ መደወል አቆመች። ያኔ በጣም ተቀይሜአት ነበር። ግን ውሸቴን አብራኝ መሸከም ስታቆም ነው ክብደቱ የተሰማኝ። እጁን የሚያነሳ ባል ከሆነ ግን ከቤት ውጡ፣ ልጆቹንም ይዛችሁ ውጡ። መጸለይ ከዘመድ ቤት ሆኖም ይቻላል። የሚጠጡና የሚቅሙ እህቶችም አሉ። ነውሩ በእነሱ ላይ ስለሚብስ ከእኛ የበለጠ ነው የሚደብቁት። ሽማግሌ ጋ መሄድ ከከበዳቸው አንዲት የምትታመን እህት ትበቃለች።

ሐዋሳ ያላችሁ፣ ድሮ ሪፈራል የምንለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «እብድ ነው ይሉኛል» ብላችሁ አትቅሩ። ካርድ አውጡና «መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ» በሉ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። የሚታመን ሰው አብሯችሁ ይሂድ። በቀን ምን ያህል እንደምትጠጡ ሲጠይቋችሁ ከአፋችሁ ቶሎ የሚወጣው የተቀነሰው ቁጥር ነው፤ ለዓመታት ያን ስትናገሩ ኖራችኋልና። እውነተኛውን ንገሯቸው፣ አረቄውንም ድራፍቱንም፣ መጨረሻ የጠጣችሁበትን ሰዓትም ጭምር። መድኃኒቱን የሚመጥኑላችሁ በዚያ ነው።